የሳቁን ሸክም ማን ይሸከመዋል?

ባለፈው ሰሞን በአንድ ጠባብ ዶርም ውስጥ፣ በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ስድስት ሆነን ተኮልኩለን ሳለ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ጥያቄው ሲነሣ ቀላል ነገር ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረውና እስካሁን ያላባራው «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ተከታታይ ዛሬም ያስቃል ወይስ ጥርሱ ረግፏል? እኩሌቶቻችን «ኧረ ዛሬም ጥርስ አያስከድንም!» ስንል፣ እኩሌቶቻችን ደግሞ «ተዉት እባካችሁ፣ አርጅቷል» እንል ነበር። ክርክሩን ለመቁረጥ ስንል ከአዲሶቹ ክፍሎች አንዱን፣ ከአሮጌዎቹም አንዱን አከታትለን አየን። አዲሱ ሲያልቅ ሁላችንም ስቀን ነበር። አሮጌው ሳያልቅ ግን አንዱ ጓደኛችን ተነሥቶ ወጣ። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን የዚያ ጓደኛችን መውጣት ነው እንጂ፣ የካርቱኑ ማርጀትና አለማርጀትስ ለብቻው ወረቀትና ቀለም ባላስፈጀ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እናስረዳ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሳውዝ ፓርክ ፈጣሪዎች ትሬይ ፓርከርና ማት ስቶን በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተዋወቁ፣ እንደኛው ተማሪ የነበሩ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የሠሩት አጭር ፊልም በመቀስ ከተቆረጠ ወረቀት የተሠራ ነበር፤ ቁራጩን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶግራፍ ያነሡታል። ተከታታዩ በኦገስት 1997 ኮሜዲ ሴንትራል በተባለው ጣቢያ ከተጀመረ በኋላ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ቢዛወርም፣ መልኩ ዛሬም የተቆረጠ ወረቀት ነው የሚመስለው። ባለታሪኮቹ በአንዲት በረዷማ የኮሎራዶ ከተማ የሚኖሩ አራት ልጆች ናቸው፤ ስታን፣ ካይል፣ ኬኒና ካርትማን። ኬኒ የድኻ ልጅ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየክፍሉ ማለት ይቻላል ይሞትና በሚቀጥለው ሳምንት ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይመጣል። ካርትማን ሆዳም፣ ክፉና ዘረኛ ነው። አንዱ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ቀን ውስጥ ተጽፎ፣ ተሥሎና ድምፅ ገብቶለት ስለሚያልቅ የሳምንቱ ወሬ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። አፉ ባለጌ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እናት አባት ባሉበት የሚታይ አይደለም።

«አርጅቷል» የሚሉት ጓደኞቻችን ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛ፣ ነውር ሲደጋገም ነውርነቱ ይጠፋል፤ በ1997 ሰው ያስደነገጠ ስድብ ዛሬ በየስልኩ ላይ የልጅ መጫወቻ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ልጆቹ አያድጉም፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከ3ኛ ክፍል ወደ 4ኛ ክፍል ብቻ ነው የተዛወሩት። ሦስተኛ፣ እውነተኛው ዓለም ራሱ ካርቱን ሆኗል፤ ዜናው ከቀልዱ ሲብስ ቀልደኛው ምን ይሠራል? ሦስቱም ምክንያቶች ሚዛን የሚደፉ ናቸው፤ አንክድም።

የሚገርመው ግን ይህንኑ «አርጅቷል» የሚል ፍርድ በ2025 የሰጠው ማን መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት በጁላይ ወር የወጣው ክፍል ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕን እርቃናቸውን እስከ ማሳየት ደርሶ አላገጠባቸው። በማግስቱ ዋይት ሐውስ፣ ትርኢቱ ከ20 ዓመት በላይ ፋይዳ ያልነበረው፣ የሰው ዓይን ለመሳብ የሚፍጨረጨር ነገር ነው የሚል ይዘት ያለው መግለጫ አወጣ። እኛም እንዲህ ብለን ጠየቅን፤ ነገሩ 20 ዓመት ሙሉ ሞቶ የቆየ ከሆነ ቤተ መንግሥት ለሬሳ መልስ ይሰጣል እንዴ? በ2019ም ቢሆን ቻይናን በተሳለቀ ጊዜ ከቻይና ኢንተርኔት ላይ ተጠራርጎ ጠፍቷል። ማንም ያልፈራውን ነገር ማንም አይጠርገውም።

ያ የ2025 ክፍል ያፌዘው በፕሬዚዳንቱ ላይ ብቻ አይደለም። የኮሜዲ ሴንትራል ባለቤት ፓራማውንት የተባለው ኩባንያ ነው። ፓራማውንት በዚያው ወር፣ ትራምፕ በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ላይ ያቀረቡትን ክስ ለመዝጋት 16 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። ፓርከርና ስቶን ደግሞ ክፍሉ በወጣበት ሳምንት ከዚሁ ኩባንያ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ የተዘገበ የአምስት ዓመት ውል ተዋዋሉ። ታዲያ የውሉ ቀለም ሳይደርቅ ያንኑ የ16 ሚሊዮን ስምምነት መሳለቂያ አደረጉት። በኛ አገር «በበላበት ወጪት ሰባሪ» ስድብ ነው። አዝማሪ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የጌታውን ድግስ በልቶ ጌታውን በግጥም መሸንቆጥ የሙያው ወግ ነው። አንዱ ጓደኛችን ወዲያው «በ1.5 ቢሊዮን ዶላርማ ማን አይደፍርም!» አለ። እውነቱን ነው፤ ጀግንነታቸውን አናጋንን። የኛ ነጥብ ሌላ ነው። የዚያ ቀልድ ሸክም ያረፈው ሊሸከመው በሚችል ትከሻ ላይ ነው። ፕሬዚዳንቱ ቃል አቀባይ አላቸው፤ ኩባንያው ጠበቃ አለው። ተሰደቡ፣ መለሱ። ስለዚህም ቀልዱ ገና ነፍስ አለው ብለን ፈረድን፤ ክርክሩንም የረታን መሰለን።

ከዚያ አሮጌውን ከፈትን።

በኖቬምበር 1997 የታየ ክፍል ነው። አራቱ ልጆች በቴሌቪዥን የእርዳታ ማስታወቂያ ያያሉ፤ ለተራቡ ሕፃናት ገንዘብ ለላከ ሰው የእጅ ሰዓት ይሰጠዋል ይባላል። ልጆቹ የሚፈልጉት ሰዓቱን ነው። ገንዘቡን ይልካሉ፤ በስሕተት ግን በሰዓቱ ፈንታ አንድ የተራበ ልጅ ቤታቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ስሙን ራሳቸው ያወጡለታል፤ «ስታርቪን ማርቪን» ይሉታል። በእንግሊዝኛ ቤት የሚመታ ስም ነው፤ በኛ ቋንቋ «ረሃብተኛው ማርቪን» እንደ ማለት ነው። የፈለጉትን ያህል ወደሚበላበት ምግብ ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። በኋላም በማርቪን ፈንታ ካርትማን ወደ ኢትዮጵያ ይወሰድና፣ ያ ሆዳም ልጅ በረሃ ላይ ተጥሎ በረሃብ ይነጫነጫል።

መጀመሪያ ሳቅን። አዎን፣ ሳቅን። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ከዚያ ካርቱን አፍ ሲወጣ እንዲያውም ደስ ብሎን ጮኽን፤ ስማችን ተጠራ! ከዚያ ማርቪን አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም፤ ምላሱን ከላንቃው እያላቀቀ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል። በጠቅታ ድምፅ የሚናገሩ ሕዝቦች በደቡባዊ አፍሪካና በታንዛኒያ አሉ፤ ቋንቋቸውም እንደ ማንኛውም ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው። ከ80 በላይ ቋንቋ በሚነገርባት ኢትዮጵያ ግን ማርቪን እንደዚያ እየተናገረ ያደገበት መንደር የለም። በዚህ መካከል ነው ጓደኛችን የተነሣው። «ወዴት ነህ?» ብንለው «መጣሁ» አለ። አልተመለሰም።

በማግስቱ ሻይ ላይ ነገሩን አጫወተን። እናቱ የ1977ቱ ረሃብ ሲገባ፣ ይህ እንኳ በኛ አቆጣጠር ነው፣ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከቤተሰባቸው ጋር በእግር ተጉዘው አንድ መጠለያ ገብተዋል፤ ሁለት ታናናሾቻቸው ከዚያ አልተመለሱም። «አንድ ቀን» አለን ጓደኛችን፣ «አንድ ፈረንጅ ካሜራ ፊቷ ላይ ደቀነባት። ቆሞ ቆሞ አነሣትና ሄደ። ስምሽ ማን ነው ያላት የለም። ያ ሥዕል የት እንደ ደረሰ እናቴ አታውቅም። ትናንት ያን ልጅ ሳየው፣ በቃ፣ እሱን መሰለኝ።» ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማናችንም ሻያችንን አልነካንም።

በ1984 መጨረሻ ከኮረም የወጣው የቴሌቪዥን ዘገባ ዓለምን እንዳስለቀሰ፣ በጁላይ 1985ም በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት እንደተደረገ ሁሉም ያውቃል። ያ እንባ ብዙ ሰው አድኗል፤ ውለታውን መካድ ነውር ነው። ዳሩ ግን እንባው ሲደርቅ ሥዕሉ ቀረ። ከ12 ዓመት በኋላ ያ ሥዕል ለካርቱን ሠሪዎች የተዘጋጀ ዕቃ ሆኖ ጠበቃቸው፤ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ስም የሌለው፣ የማይናገር ልጅ። ማርቪንን ፓርከርና ስቶን ከባዶ አልፈጠሩትም፤ ተሠርቶ ነው ያገኙት።

ከመካከላችን ክርክር የሚወደው ልጅ ግን እጅ አልሰጠም። «ቀልዱ እኮ በኛ ላይ አይደለም! በነሱ ላይ ነው» አለ። «ሰዓት ፈልገው የሚመጸውቱትን፣ በልተው የማይጠግቡትን ነው የሚሰድበው። በማስታወቂያው ላይ እርዳታ የምትለምነዋ ሴት እዚያው ጎጆ ውስጥ ተሸሽጋ የእርዳታውን እህል ስትበላ አላያችሁም? ልጆቹስ መጨረሻ ላይ በቴሌቪዥን የሚያዩት ሰው እውነተኛ ሰው መሆኑን አልተማሩም?» ይህ ቀላል መከላከያ አይደለም። በእርግጥም ያን ክፍል አይቶ «ኢትዮጵያውያንን ለመስደብ የተሠራ ነው» የሚል ሰው በደንብ አላየውም። የሆነ ሆኖ ነገሩ የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። «ይህ ልጅ እንደናንተው እውነተኛ ሰው ነው» ብሎ የሚያስተምር ትርኢት ለልጁ የራሱን ስም አልሰጠውም፤ የራሱን ቋንቋም አልሰጠውም። ያ ክፉ ካርትማን እንኳ አፍ አለው፤ ሲሰድቡት ይሳደባል። ማርቪን ያለው ጠቅታ ብቻ ነው። ቀልዱ የተወረወረው በጥጋበኛው ላይ ቢሆንም፣ የተወረወረው ድንጋይ የተራበ ልጅ ነው። ድንጋይን ደግሞ «አመመህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

እንግዲህ በኛ አስተያየት ስላቅ የሚያረጀው በዓመት ብዛት አይደለም። የቀልዱን ሸክም መልስ ሊሰጥ የሚችል ሰው ሲሸከመው ቀልዱ ይቆያል፤ መልስ መስጠት የማይችል ሲሸከመው ግን የዚያን ዕለት ቢያስቅም ውስጥ ውስጡን ይነቅዛል። መንቀዙ የሚታወቀው ዝም ይላል የተባለው ሰው አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ሲገባ ነው። በ1997 ያ ክፍል ሲሠራ እኛ ተመልካች እንሆናለን ብሎ የገመተ ያለ አይመስለንም። እነሆ ያኔ በማርቪን ዕድሜ የነበሩት ልጆች ልጅ ወልደው፣ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ካርቱኑን ከፍቶ ያያል። አፍ አለው። ቀልዱ ያረጀው እሱ በተቀመጠባት ወንበር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንን ካልመረመርን ግብዞች እንሆናለን። ዘፋኙ አይዛክ ሄይዝ በሳውዝ ፓርክ ውስጥ የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት ድምፅ ይሰጥ ነበር። በኖቬምበር 2005 አንዱ ክፍል እሱ ይከተለው በነበረው በሳይንቶሎጂ እምነት ላይ ተሳለቀ፤ በማርች 2006 በስሙ የወጣው መግለጫ በእምነት ላይ የሚደርስ ንቀትን ጠቅሶ መልቀቁን አስታወቀ። ማት ስቶንም የሌሎች ሃይማኖት ሲዘለፍ አብሮን ሲሠራ ኖሮ የራሱ ሲነካ ተቆጣ ሲል መለሰ። (ልጁ ከዓመታት በኋላ፣ አባቱ በዚያን ወቅት ታሞ ስለ ነበር ውሳኔው የራሱ እንዳልነበረ ተናግሯል፤ ለሟቹ ይህን መጨመር ተገቢ ነው።) የስቶን ነቀፌታ ግን ለኛም የተሰነዘረ ነው። በሌላው ሃይማኖት፣ በሌላው አገር፣ በሌላው መልክ ላይ ሲቀለድ አብረን ስንስቅ ቆይተን «ኢትዮጵያ» ሲባል ብቻ ከደነገጥን፣ ያስደነገጠን ፍትሕ ሳይሆን ኩራታችን ነው።

የባሰውም አለ። በዶርማችን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አለ። ከሩቅ ነው የመጣው፤ አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። እንደ መጣ ሰሞን ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» እያለ ይሳሳት ነበር። እኛም ምን አደረግን? «አንቺ» የሚል ቅጽል አወጣንለት። «አንቺ ና!»፣ «አንቺ በላ?» እያልን ስንት ወር ሳቅን! እሱም አብሮን ይስቅ ነበር። ጥርስ ሞኝ ነው ይባላል፤ ሆድ የከፋው ሰው ጥርስም ሲስቅ ይታያል። ስም ነፍገነው፣ አነጋገሩን መጫወቻ አድርገን፣ በየማታው አንድ ማርቪን ስንሠራ ከርመናል ማለት ነው። ለዚህ ስድስት ቀን እንኳ አልፈጀብንም። ጓደኛችን ከዶርሙ በወጣባት ማታ ያ ልጅ ከኋላችን አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ማርቪን ጠቅ ሲያደርግ እሱ ይስቅ አይስቅ ዞሮ ያየ የለም።

ታዲያ ለአንድ ስላቅ ብዙ ዓመት መኖር ምን ይጠቅመዋል? አንድ ጥቅም አግኝተንበታል። በ2006 ሳውዝ ፓርክ የቀድሞውን ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎርን መሳቂያ አድርጓቸው ነበር። የአየር ንብረት መለወጥን አስመልክቶ የሚሰጡትን ማስጠንቀቂያ፣ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ድብ፣ ግማሽ አሳማ የሆነ አውሬ መጣ እያሉ ሰው ለማስደንገጥ እንደሚሯሯጡ ብቸኛ ሰው አድርጎ ሣለው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ያው ተከታታይ አውሬውን በእውን አመጣው፤ ልጆቹም ተሳስተን ነበር ብለው ወደ ጎር ሄዱ። በዕለቱ የሚጻፍና በዕለቱ የሚረሳ ቀልድ ይህን ማድረግ አይችልም። ዕድሜ ያለው ግን ወደ ኋላ ዞሮ የራሱን ሳቅ ሊታዘብ ይችላል። ስለ ማርቪን እንዲህ ያለ መመለስ እኛ አላየንም። አል ጎር አፍ ነበራቸው፤ ምናልባት ልዩነቱ እሱ ነው።

«እንግዲያማ በረሃብ አይቀለድ» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም እንደዚያ ልንደመድም ነበር፤ ያስተወን ያው የወጣው ጓደኛችን ነው። «እናቴ ራሷ ትቀልዳለች እኮ» አለን። በመጠለያው እህል ሲታደል ወረፋ ይዘው ሳለ አንድ ሽማግሌ ከፊታቸው ነበሩ አሉ። ሕዝቡ ከኋላ ሲገፋ ልጅቱ ወደ ሽማግሌው ተጠጋች። ሽማግሌውም ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ አንቺ አትድከሚ፤ እኔን ለመጣል ነፋሱ ይበቃል» አሏት። «ይህን ስትነግረን እሷም ትስቃለች፣ እኛም እንስቃለን» አለ ጓደኛችን። ሽማግሌው ከማርቪን ይልቅ ሳይከሱ አይቀሩም። ነገር ግን ቀልዱ የራሳቸው ነው፤ የተናገሩትም በራሳቸው አፍ ነው። ይኸው ከ40 ዓመት በኋላ አላረጀም።

እንግዲህ ሳውዝ ፓርክ ዛሬም ያስቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ የኛ መልስ ይህ ነው። ቤተ መንግሥትንና ባለጌታውን ሲነካ ያስቃል፤ ስሕተቱን ዞሮ ሲያይም ያስቃል። ማርቪን ጠቅ ሲያደርግ ግን አያስቅም፤ አሁን ስናስበው በ1997ም ማሳቅ አልነበረበትም። አንባቢ ከኛ የተለየ ፍርድ ቢኖረው ይጻፍልን፤ እኛው ስድስታችን እንኳ ገና አልተስማማንም።

ያን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ አሁን በስሙ እንጠራዋለን። ከመካከላችን አንዱ ግን ዛሬም አልፎ አልፎ «አንቺ» የምትለው ቃል ታመልጠዋለች። ባለፈው እሑድ ስታመልጠው ልጁ እንደ ዱሮው ዝም ብሎ አልሳቀም። ቀና ብሎ አየውና እሱም በተራው አንድ ቅጽል ለጠፈበት፤ ያውም ጾታውን ሳያሳስት። ቅጽሉን እዚህ አንጽፈውም፤ ባለቤቱ ይቆጣናል። ዶርሙ ግን ያን ቀን በሳቅ ፈረሰ፤ ተሰዳቢውም ጭምር።